የሉዱጋ ጎተራ ከጁባ ሲታይ

ጨዋታው ሥዕል የለውም፤ ድምፅም የለውም። ከተማዋ 100 ሰው፣ 1,000 ኤከር መሬትና በጎተራዋ 2,800 ቡሼል እህል እንዳላት በጽሑፍ ይነግርዎታል። ከዚያ ይጠይቃል፦ ስንት ኤከር ይገዛሉ? ለሕዝቡ ቀለብ ስንት ይሰጣሉ? ስንት ኤከርስ ይዘራሉ? መልሱ ቁጥር ብቻ ነው።

«ሀሙራቢ» ይባላል፤ ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ከኢንተርኔት ከፍቶ ሊጫወተው ይችላል። አባቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው «የሱሜር ጨዋታ» ነው። የጻፉት በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ካቶና በምትባል ቦታ የአራተኛ ክፍል መምህርት የነበሩት ሜብል አዲስ ሲሆኑ፣ ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ የቀየረው የአይ ቢ ኤም ባለሙያው ዊልያም መኬይ ነው። ተማሪዎች በጽሕፈት መሣሪያ ከግዙፍ ኮምፒውተር ጋር እየተነጋገሩ የላጋሽን ከተማ በንጉሥ ሉዱጋ ስም ያስተዳድሩ ነበር። በ1968 ዳግ ዳይመንት የተባለ ባለሙያ አሳጥሮ ጻፈው፤ በ1973 ዴቪድ አል በመጽሐፉ አሳተመውና ዓለምን አዳረሰ።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። አንድ ሰው በዓመት 20 ቡሼል ይበላል፤ ለ100 ሰው 2,000 ሆነ። አንድ ቡሼል ዘር ለሁለት ኤከር ይበቃል፤ 1,000 ኤከር ለመዝራት 500 ይወጣል። በጎተራ 300 ቀረ። ምርቱ በዕጣ ነው፤ ከአንድ ኤከር ከ1 እስከ 5 ቡሼል ይገኛል። 3 ከወጣ ጥጋብ ነው። 1 ከወጣ ግን በጎተራ ያለው 1,300 ብቻ ይሆናል፤ አይጥ ባይነካው እንኳ ከ65 ሰው በላይ አይመግብም፤ እሱም ለዘር ምንም ሳይተው። በአንድ ዓመት ከሕዝቡ ከ45 በመቶ በላይ በረሃብ ካለቀ ንጉሡ ከዙፋኑ ይወርዳል። የአንድ ዓመት ክፉ ዕጣ ዘርን ከቀለብ እንደሚያጣላ በጥቂት መስመር ማሳየቱ፣ እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ጁባ ተቀምጠው ሲጫወቱት ግን የጎደለው ነገር ጎልቶ ይወጣል። በኮንዮ ኮንዮ ገበያ የሚሸጠው ዱቄት ብዙው በኒሙሌ በኩል 192 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከኡጋንዳ የሚገባ ነው። በሀሙራቢ ከተማ መንገድ የለም፤ የዱቄት ዋጋም፣ ኬላም፣ ጦርነትም የለም። ያለው አንድ ጎተራና አንድ አዛዥ ነው። በየካቲት 2017 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ሱዳን ዩኒቲ ግዛት በሌርና በማየንዲት ረሃብ መግባቱ ሲታወጅ፣ ሕዝቡን ለዚያ ያበቃው ከሁሉ በላይ ጦርነቱ ነበር፦ ገበሬው ከማሳው ተፈናቅሏል፣ ከብቱ ተዘርፏል፣ እርዳታም እንዳይደርስ መንገድ ተዘግቷል። በዕጣ የሚወጣ የምርት ቁጥር ይህን አይናገርም።

ከእኛው አገር ከኢትዮጵያም የጠነከረ ማስረጃ አለ። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት በዘመነ ኃይለ ሥላሴ መጨረሻ ወሎን ያረገፈውን ረሃብ መርምረዋል። በወሎ ሰው እያለቀ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል ነበር። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጥቷልና፣ ገበያው እህል ሊስብ አልቻለም። እህል መኖሩና እህል የማግኘት አቅም መኖሩ ለየቅል ናቸው። ሀሙራቢ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሜብል አዲስ ግን ከዚህ የሰፋ ነገር አስበው ነበር። በእሳቸው ጨዋታ ሁለተኛው ክፍል የእጅ ሙያን፣ ሦስተኛው ንግድን ያመጣል፤ ጨዋታው ሲያጥር የተረፈው የመጀመሪያው፣ የጎተራው ክፍል ብቻ ነው። የዋናው ጨዋታ ፕሮግራም ጠፍቷል። በ2024 ጣሊያናዊው አንድሬያ ኮንታቶ ከተረፉት ሰነዶች ተነሥቶ መልሶ ሠራው። እነዚያ የተቆረጡ ክፍሎች እንደገና ለተጫዋች መቅረባቸው ነው ሥራውን ከናፍቆት በላይ የሚያደርገው።

ከሉዱጋ ዙፋን ፈጽሞ የማይታየውን ደግሞ አንድ ደቡብ ሱዳናዊ አሳይቷል። ሉዋል ማየን በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች መጠለያ ነው ያደገው፤ እናቱ ሦስት ዓመት አጠራቅመው ላፕቶፕ ገዙለት። «ሰላም» ብሎ በሰየመው ጨዋታ ተጫዋቹ ንጉሥ አይደለም፤ ከጥቃት የሚሸሽ፣ ውሃ፣ ምግብና መድኃኒት የሚያስፈልገው ስደተኛ ነው። ማን ይብላ ብሎ የሚወስን የለም፤ ተጫዋቹ ራሱ ነው የሚራበው።