የሌላ ዓለም ፈጣን በራሪ ስንፈጥር

ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ ኦቶና ሰፈር ያሉ ልጆች ፊልም ላይ ካዩት እየቀዱ የሌላ ዓለም ፍጡር ይስላሉ፤ ታሪክም ይጽፉለታል። ከሥዕሎቹ መካከል አንድ በራሪ አይጠፋም፤ አራት ክንፍ፣ ዝሆን የሚያህል ገላ፣ ከጄት የሚበልጥ ፍጥነት። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝና ሥዕሉን ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ክንፉ ሳይሆን ወደ ደረቱ ነው። በምን ይተነፍሳል? ልቡ ስንት ጊዜ ይመታል? ሙቀቱንስ በየት ያስወጣዋል? በሳይንሳዊ ልብወለድ ውስጥ ያለ እንስሳ አንባቢን የሚያሳምነው ለእነዚህ መልስ ሲኖረው ይመስለኛል።

መጀመሪያ አየሩን እንይ። በራሪው ፍጥነቱን በእጥፍ ሲጨምር አየሩ የሚይዘው አራት እጥፍ ነው፤ ያንን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የዝሆኑ ገላ እዚህ ላይ ይወድቃል። በእኛ ምድር ፈጣኖቹ ትንንሽና ሹል ናቸው። ፔሬግሪን የሚባለው የጭልፊት ዓይነት በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል፤ ግን ቁልቁል ሲወረወር ነው፤ ፍጥነቱን የሚያበድረው የምድር ስበት ነው። በራሱ ጉልበት፣ በአግድም ሲበር፣ ማጭድ የመሰለ ክንፍ ያለው ስዊፍት የሚባል ትንሽ ወፍ በሰዓት 111 ኪሎ ሜትር ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ቴክሳስ አንድ የሌሊት ወፍ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር መዝግቧል። የሌሊት ወፍን የምንንቅ ሁሉ ይህን ልብ እንበል።

ፍጡሩን ሌላ ፕላኔት ላይ ስናስቀምጠው ነገሩ ይለወጣል። የሳተርን ጨረቃ ታይታን አየሯ ከእኛ አራት እጥፍ ያህል የጠጠረ፣ ስበቷ ግን የእኛ አንድ ሰባተኛ ነው። እዚያ ሰው እንኳ ክንድ ላይ ክንፍ ቢያስር ሊበር ይችላል ይባላል። ነገር ግን ለመብረር የተመቸ አየር ለመፍጠን አይመችም፤ እንደ ውሃ ይይዛል። ማርስ ተቃራኒዋ ናት። አየሯ ከእኛ አንድ በመቶ ገደማ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያ የበረረችው ኢንጀኒዊቲ የተባለች ትንሽ ሄሊኮፕተር፣ ምድር ላይ ክብደቷ 1.8 ኪሎ ብቻ ሆኖ፣ ክንፎቿን በደቂቃ 2400 ጊዜ ያህል ማሽከርከር ነበረባት። ስለዚህ ፈጣን በራሪ የምትሹ ከሆነ ቦታው ስስ አየር ነው፤ አውሮፕላኖችም ከፍ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስስ አየር ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ይጎድላል። ይህ የእኔ ሙያ ነው። ባሕር ወለል ላይ ካለ ሰው ጋር ሲነጻጸር 2000 ሜትር ላይ ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ሰውነት ቀይ የደም ሴል በመጨመር ይለምደዋል። የሰው ሳንባ ግን አንድ ድክመት አለው። በገባበት በር ነው የሚወጣው። ከምንስበው ግማሽ ሊትር አየር 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ ያለ ሥራ ይመለሳል። ወፍ እንዲህ አይደለችም። በሰውነቷ ውስጥ የተበተኑ የአየር ከረጢቶች ስላሏት አየሩ በሳንባዋ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል፤ ስትስብም ስታስወጣም ንጹሕ አየር ይደርሳታል። ልጆች፣ ፍጡራችሁ ላይ አራተኛውን ክንፍ ከመጨመራችሁ በፊት ይህን ሳንባ ስጡት።

ልቡም እንዲሁ። የአዋቂ ሰው ልብ ዕረፍት ላይ በደቂቃ ከ100 በላይ ሲመታ ሐኪም እንጠራለን፤ በጣም ሲፈጥን ልቡ በደም የሚሞላበት ጊዜ ያጣል። ሃሚንግበርድ የምትባለው የአሜሪካ ወፍ ግን 1200 ታልፋለች፤ ልቧ ለገላዋ ትልቅ ነው፣ ገላዋ ግን ከጣት አይበልጥም። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ምግብ አብዛኛው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ የብዙ ወፎች ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ሰው ቢሆኑ ፓራሲታሞል በሰጠናቸው። ፈጣኑ ፍጡር ሙቀት የሚያስወጣበት ነገር ከሌለው አደኑን ሳይጨርስ ይበስላል።

ይህን ሁሉ ያሟላ ፍጡር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ወደ አገራችን በመጣው ጀርመናዊ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የሚጠራው ጥንብ አንሳ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 አንዱ በኮትዲቯር፣ አቢጃን ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጨ፤ ከፍታው 11300 ሜትር ነበር። እዚያ ሰው ያለ ኦክስጅን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ራሱን ይስታል። የወፉ ደም ግን ኦክስጅን የመያዝ ኃይላቸው የተለያየ በርካታ የሄሞግሎቢን ዓይነቶች አሉት፤ አንዱ ለታች፣ ሌላው ለላይ። አባ ሰንጋ የገደለውን ከብት በልቶም ጤነኛ ሆኖ ይውላል።

ይህ ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ጋር ተመዝግቧል። ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ለጅብና ለባዘነ ውሻ ተብሎ መርዝ የተነከረ ሥጋ ነው። በሕንድና በአካባቢዋ የሆነው ደግሞ ለእኔ ይበልጥ ይቀርበኛል። እኛ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የምንወጋው ዳይክሎፌናክ እዚያ ለከብት ይሰጥ ነበር። የታከመውን ከብት ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሶች ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ያልቁ ጀመር፤ ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ እስኪሆን ድረስ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አልቀዋል። ሬሳው ለውሾች ተረፈ፤ ውሾቹ በዙ። ተመራማሪዎች የእብድ ውሻ በሽታ መጨመርን ከዚህ ጋር ያያይዙታል። በእብድ ውሻ ተነክሶ ዘግይቶ የመጣ ሰው ያየ ነርስ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ለታሪክ ጸሐፊዎቹ ልጆቼ የማቀብለው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ፍጡራችሁን የሚጥለው የግድ የጨረር መሣሪያ መሆን የለበትም። አውሮፕላን ከፍታ የወጣው፣ አባ ሰንጋ ያልነካው ወፍ የሕንድ ዘመዶቹን አንዲት የሕመም ማስታገሻ ጣለቻቸው።