ዝናብን የሚያሳድር መደብ

ሰኔ ላይ ከቀትር በኋላ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ቆሞ የአሸንዳ ቱቦ ማየት ብዙ ያስተምራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ቱቦው መጀመሪያ የሚተፋው የበጋውን አቧራና ቅጠል ነው። ትንሽ ቆይቶ ክንድ የሚያህል ውሃ ኮብልስቶኑን እየገረፈ፣ ፌስታሉንና የመኪናውን ዘይት ጠራርጎ በዋናው በር ይወጣል። ዝናቡ ካባራ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግቢው ጭር ብሎ ደርቋል። ነዋሪው "የእኛን ሳይት ጎርፍ አያውቀውም" ይላል። እውነቱን ነው፤ ጎርፉን የሚያውቀው ከታች ያለው ሰፈር ነው።

እስቲ እናስላው። የአንድ ብሎክ ጣሪያ 400 ካሬ ሜትር ቢሆንና በግማሽ ሰዓት 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ የሚወርደው 10,000 ሊትር ነው። በባለ 200 ሊትሩ በርሜል 50 በርሜል መሆኑ ነው። ሳይቱ 20 ብሎክ ካለው 1,000 በርሜል ይሆናል፤ መንገዱና መኪና ማቆሚያው ገና አልተቆጠሩም።

ቦታው የጤፍ ማሳ ወይም የከብት ግጦሽ በነበረ ጊዜም ይኸው ዝናብ ይዘንብ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሣሩ ያዘገየዋል፣ ሥሩ በከፈተው ቀዳዳ ወደ አፈር ይሰርጋል፣ የተረፈው ቀስ እያለ ወንዝ ይገባል። መሐንዲሶች የጎርፉን መጠን ሲያሰሉ ለጣሪያ 0.9 ገደማ፣ ለሣር ሜዳ ደግሞ እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ከ0.1 እስከ 0.35 የሚሆን ቁጥር ይይዛሉ። ጣሪያ ከአስር እጅ ዘጠኙን ወዲያው ይለቃል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምት የሚወርድ ነው። እንጦጦ 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ከላይ የተለቀቀው ሁሉ እየተንደረደረ በትልቁና በትንሹ አቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። ለዚህ የተለመደው መድኃኒት ሰፋ ያለ ቱቦ መቅበር ነው። ቱቦው ግን ውሃውን ከደጅ ያርቃል እንጂ አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ያፈጥነዋል።

በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ባለው የሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ አንድ ቤት ሠሪ ሌላ መላ አሰበ። ሐሳቡን ይዞ የካውንቲው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ወደነበሩት ላሪ ኮፍማን ሄደ። ከዚያ የተገኘው ሰመርሴት የተባለው መንደር ነው፤ በየቤቱ ግቢ ዝናብ የሚጠጣ የአትክልት መደብ ተሠራለት። የጠርዝ ድንጋይና ቦይ ወደ 400,000 ዶላር ይፈጅ የነበረበት ሥራ በ100,000 ዶላር አለቀ። ኋላ በተደረገ ልኬት፣ በመደበኛ ዝናብ ጊዜ ከመንደሩ የሚወጣው ጎርፍ ከ75 እስከ 80 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ይህን መደብ ጠጋ ብለን እንየው። እንደ ተራ የአበባ መደብ ከፍ አይልም፤ ከግቢው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል። ከሥሩ 80 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ አሸዋ የበዛበት፣ ብስባሽ የተቀላቀለበት አፈር ይሞላል። ላዩ ላይ ድርቅንም ውሃንም የሚችል ሣርና ቁጥቋጦ ይተከላል። ስፋቱ 30 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ማለትም 5 በ6 የሆነ ሳሎን ቢያክል፣ ከላይ 6,000 ሊትር ያቁራል፤ ከአፈሩ ይዘት ሩቡ ክፍት ቀዳዳ ቢሆን ሌላ 6,000 ሊትር ይውጣል። የዚያ ብሎክ 50 በርሜል ተጠቃሎ ገባ። ከዚያ በላይ የመጣው በመትረፊያ አፍ ወደ ቱቦው ያልፋል። ደለሉና አብዛኛው ዘይት አፈሩ ላይ ይቀራል። ውሃው በ48 ሰዓት ውስጥ ስለሚሰርግ ትንኝ አይራባበትም፤ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት ገደማ ያስፈልጋታልና።

እንደ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ባሉ ሰፈሮች ግን መረሬ አፈር አለ። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲጠግብ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ውሃ እምብዛም አያሳልፍም። እዚያ መደቡ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከሥሩም ጠጠርና የተበሳሳ ቱቦ ይነጠፍለታል። ውሃው ባይሰርግም ተጣርቶና ዘግይቶ ይወጣል። ለትልቅ ዝናብ ደግሞ በሳይቱ ዝቅተኛ ጥግ ማቆያ ኩሬ ይሠራል። ኩሬው እንደ እንስራ ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ። በደቂቃዎች የተቀበለውን በሰዓታት ይለቃል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ቤቱ ሳይቆም፣ መሬቱ በዶዘር ሲላጥ ነው። የተገለጠ አፈር በአንድ ክረምት ተጠርጎ ቦዩን ይደፍናል። ስለዚህ ቁፋሮውን ከክረምት በፊት መጨረስ፣ የአፈር ክምሩን መሸፈን፣ ከታች በኩል ደለል መያዣ መዘርጋት የግንባታው አካል መሆን አለበት። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማው ከሥራው በፊት እንዲቀድም የጠየቀውም ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ መደቡ የነዋሪው ነው። አፉን ፌስታል ከደፈነው ተራ ኩሬ ይሆናል፤ መኪና ማቆሚያ ጠበበ ተብሎ ኮብልስቶን ከተነጠፈበት ደግሞ 50ው በርሜል ተመልሶ መንገድ ይወጣል።

በግቢዎ ለመሞከር ካሰቡ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። አንዴ ውሃ ሞልተው አፈሩን ያጥግቡ፤ ሲመጥ እንደገና ማታ ይሙሉትና ይተኙ። ጠዋት ባዶ ሆኖ ካገኙት መሬትዎ ውሃ ያሳድራል። ግማሹ ከቀረ ጠጠርና ቱቦ ይጨምሩ።