በሮማውያን ገንዘብ ጀርባ ላይ ስለሚታዩ ጥቃቅን ልዩነቶች

ከጥንት ሮማውያን ገንዘቦች መካከል በብዛት ከሚገኙት አንዱ «ግሎሪያ ኤክሰርኪቱስ» ማለትም «የሠራዊቱ ክብር» የሚል ጽሕፈት ያለበት ትንሽ የነሐስ ገንዘብ ነው። በፊቱ ብዙውን ጊዜ የንጉሠ ነገሥት ቈስጠንጢኖስ ወይም ከልጆቹ የአንዱ መልክ ይታያል፤ በጀርባው ጦርና ጋሻ የያዙ ሁለት ወታደሮች ፊት ለፊት ቆመዋል። ላይ ላዩን ለሚመለከት ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ይሁን እንጂ ለታሪክ ዋና ምስክር የሚሆኑት በመካከላቸው ያሉት ጥቃቅን ልዩነቶች ናቸው።

የመጀመሪያው የዓላማዎቹ ቍጥር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ330 ዓ.ም. ጀምሮ በወታደሮቹ መካከል ሁለት የጦር ዓላማዎች ይቀረጹ ነበር፤ በ335 ወይም በ336 ዓ.ም. ግን ዓላማው አንድ ብቻ ሆነ። የገንዘቡም ክብደት በዚያው ጊዜ ከ2.5 ግራም ገደማ ወደ 1.7 ግራም ገደማ ወረደ። እንግዲህ ተቀብሮ በተገኘ የገንዘብ ክምችት ውስጥ ባለ አንድ ዓላማው ከተገኘ፣ ክምችቱ ከ335 ዓ.ም. በፊት የተቀበረ ሊሆን አይችልም። መዝጋቢው «ሁለት ወታደሮች» ብሎ ብቻ ቢያልፈው ይህ ማስረጃ ይጠፋል።

ሁለተኛው ከወታደሮቹ እግር በታች ያለው ጽሕፈት ነው። ይህ ገንዘቡ የታተመበትን ከተማ፣ ለምሳሌ አንጾኪያን ወይም እስክንድርያን፣ እንዲሁም በማተሚያው ቤት ውስጥ ሥራውን የሠራውን ክፍል ያመለክታል። በምሥራቅ ከተሞች የክፍሉ ቍጥር በግሪክ ፊደል ይጻፍ ነበር። የግእዝ አኃዞችም መነሻቸው እነዚሁ ፊደላት ስለ ሆኑ፣ አልፋን ከ፩፣ ቤታን ከ፪፣ ጋማን ከ፫ ጋር ማስተያየት ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አያስቸግርም።

ሦስተኛው በዓላማው ጨርቅ ላይ ያለው ምልክት ነው። በጎል አገር በአርል ከተማ ከታተሙት በአንዳንዶቹ ላይ የክርስቶስ ስም የሚጀምርባቸው ሁለት የግሪክ ፊደላት ተጣምረው ይታያሉ። ነገር ግን በሌሎች ገንዘቦች ላይ በዚያው ስፍራ ነጥብ ወይም ክብ ይገኛል። ስለዚህ ምልክቱ ሃይማኖታዊ ትርጕም ቢኖረውም፣ የአንዱን ጊዜ ሥራ ከሌላው ለመለየትም ሳያገለግል አልቀረም።

ሆኖም ልዩነት ሁሉ ትርጕም አለው ማለት አይደለም። ገንዘቡ የሚታተምበት ማኅተም በእጅ የሚቀረጽ በመሆኑ፣ የጦሩ ማዘንበል ወይም የፊደላቱ መራራቅ ከቀራጩ እጅ የመጣ ሊሆን ይችላል። በትእዛዝ የተደረገው ልዩነት የሚታወቀው በብዙ ማኅተሞች ላይና በአባትም በልጆችም ገንዘብ ላይ ሳይለወጥ ሲደጋገም ነው። ተመራማሪው ሁሉንም መመዝገብ ይገባዋል፤ መደምደሚያውን የሚያቆመው ግን በተደጋገመው ላይ ነው።