የጨረቃ ተራሮች በረዶ

በዑጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ፣ የምድር ወገብ በቅርብ በሚያልፍበት ሥፍራ፣ ደመና የማይለየው ሩዌንዞሪ የሚባል የተራራ ሰንሰለት ይገኛል። የእስክንድርያው ሊቅ በጥሊሞስ የዓባይ መነሻ ናቸው ብሎ የጻፈላቸው «የጨረቃ ተራሮች» እነዚህ እንደ ሆኑ የብዙ ሊቃውንት ግምት ነው፤ በርግጥም ከበረዶው የሚቀልጠው ውሃ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እየተሻገረ ከነጭ ዓባይ ይደባለቃል። እ.ኤ.አ. በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በተከለለው በዚህ ምድር፣ ፀሐይ በምትበረታበት የዓለም መካከል ግግር በረዶ ተጋድሞ ማየት፣ የፈጣሪን ጥበብ ለሚያደንቅ ሰው ድካሙን ሁሉ የሚያስረሳ ትርኢት ነው።

ወደዚያ መውጣት የሚሻ መንገደኛ ከካሴሴ ከተማ አቅራቢያ ተነሥቶ፣ የተራራው ባላገሮች በሆኑት በባኮንዞ ሰዎች እየተመራ፣ አንድ ሳምንት ያህል በእግሩ ይጓዛል። በመጀመሪያ የሚቀበለው፣ ወንዱ ሦስት ቀንድ ያለው እስስትና ክንፉ ደም የመሰለ ቱራኮ የተባለው ወፍ የሚኖሩበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ ቀጥሎ ቀርከሃው ይመጣል፤ ከቀርከሃው በላይ ደግሞ አስታ ረጅም ዛፍ ሆኖ፣ ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት ለብሶ ይቆማል። የስሜንንና የባሌን ደጋ የሚያውቅ አንባቢ ከዚያ ከፍ ብሎ ጅብራ ሲያይ ከአገሩ የራቀ አይመስለውም፤ ነገር ግን የሩዌንዞሪ ረግረግ እስከ ጉልበት የሚያሰጥም ነውና ያለ ቦቲ ጫማ ጉዞውን የሚሞክር አይኑር።

የጣልያኑ መስፍን ሉዊጂ አሜዴኦ በ1906 ማርጌሪታ የተባለውን፣ 5,109 ሜትር የሚሆነውን ጫፍ በረገጠ ጊዜ፣ በረዶው በስድስት ተራሮች ላይ ተዘርግቶ ከስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን ነበር፤ በ2003 ሲለካ ግን አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም፤ ከዚያም ወዲህ ማነሱን አላቋረጠም። ምክንያቱን ከመረመሩት ሊቃውንት አንዳንዶቹ የአየሩን መሞቅ፣ ሌሎቹ የርጥበቱንና የደመናውን መቀነስ ያስቀድማሉ። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ የባኮንዞዎች ነገር ነው፤ እንደ አባቶቻቸው እምነት ንዙሩሩ የሚሉት በረዶ በተራራው ላይ የሚያድረው የአምላካቸው የኪታሳምባ አባት ነውና፣ መቅደሳቸው ዓይናቸው እያየ ይፈርሳል።

በረዶው ሲሸሽ የተራቆተው ዓለት ዳገቱን ስላከበደው፣ ወደ ማርጌሪታ የሚወጣ ሰው ዛሬ ገመድና መሰላል ያስፈልገዋል። ለዚህ አቅም የሌለው ቡጁኩ እስከሚባለው ሐይቅ ቢደርስ ይበቃዋል፤ ጉሙ ከተገለጠለት ስታንሌይ፣ ስፒክና ቤከር የተባሉት ተራሮች በዙሪያው ይታዩታል። ለጉዞውም በኛ አገር ክረምት የሚበረታበትን ሐምሌን ቢመርጥ መልካም ነው፤ በዚያ ወር እዚያ ዝናቡ ይቀላል።