የመመረቂያ ጽሑፍና የላፕቶፕ ብልሽት

የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዘመን ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ ፈተናና የመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪውን በአንድነት በሚያስጨንቁበት ወራት፣ የብዙ ሌሊት ድካም የተከማቸበት ላፕቶፕ በድንገት አልነሣ ቢል፣ የሚደርሰው ኀዘን ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን መሣሪያው ቢሞትም ጽሑፉ አብሮ ሞተ ማለት እንዳልሆነ አስቀድሞ ማስተዋል ይገባል።

ጽሑፉ በሚቀመጥበት በቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለ፤ አንባቢው ክፍል ሰሌዳውን ሳይነካ፣ ከጠጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ያንዣብብበታል። ስለዚህ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሰማ ተማሪ ደጋግሞ ለማስነሣት አይሞክር፤ እያንዳንዱ ሙከራ ሰሌዳውን ሊፍቀው ይችላልና። ውሃ ወይም ቡና በላፕቶፑ ላይ ቢፈስም ወዲያው አጥፍቶ ከኤሌክትሪክ ይንቀለው።

ስክሪኑ ጨልሞ ሃርድ ዲስኩ ደኅና የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ባለሙያው አውጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ሊያነበው ይችላል። ጠጋኙ «ፎርማት ላድርገው» ሲል ግን ሰነዱ ሳይገለበጥ እሺ ማለት ታላቅ ጥፋት ነው፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

መጽሐፈ ሄኖክ በምሉዕነት በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው፣ ጸሐፍት በየዘመኑ ደጋግመው ስለ ገለበጡት ነው። የዛሬው ተማሪም ማታ ማታ የጽሑፉን አንዱን ቅጂ በፍላሽ፣ ሌላውን ለራሱ በኢሜይል ቢያኖር፣ ላፕቶፑ በተበላሸ ማግስት ከቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የማስረከቢያው ቀን ሳያልፍም ብልሽቱን ለአማካሪ መምህሩ ያስታውቃል።