‹‹ሲስተም የለም››

ቡታጅራ የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። የሄድኩት ለዘመድ ልቅሶ ቢሆንም ባዶ እጅ መግባት ነውር ነውና፣ ገንዘብ ላወጣ መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ባንክ ጎራ አልኩ። ገና ደረጃውን ወጥቼ ሳልጨርስ ጥበቃው ‹‹ሲስተም የለም›› አለኝ። ‹‹መቼ ይመጣል?›› ስለው ትከሻውን ሰበቀ። የአገሬ ሰው ይህንን አባባል ከለመደው ቆይቷል። ‹‹ዝናብ ጣለ›› እንደማለት ሆኗል፤ ማን አጠፋው፣ ለምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከግድግዳው ሥር ጥላ ዘርግተው የቆሙ አንዲት የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። አጠገባቸው ሦስት ጆንያ የማረቆ በርበሬ ይዞ የመጣ ገበሬ ቁጢጥ ብሏል። በዋጋው ተስማምተዋል፤ የቀረው ክፍያው ብቻ ነው። የሴትየዋ ገንዘብ ያለው ባንክ ነው፤ ባንኩ ደግሞ ሲስተም የለውም። በስልክ ሊልኩለት ደጋግመው ሞከሩ፤ እሱም እምቢ አለ። ገበሬው ‹‹ገብቷል›› የሚለውን መልዕክት በዓይኑ ሳያይ ጆንያውን አይለቅም። እውነቱን ነው።

‹‹ልጄ፣ አንተ የአዲስ አበባ ሰው ትመስላለህ፤ እዚያም እንዲህ ነው?›› አሉኝ ሴትየዋ።

‹‹እዚያም ይጠፋል እናቴ፤ ግን ቶሎ ይመለሳል›› አልኳቸው። ስናገረው ቀላል ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን የጉዳዩ ግማሽ እዚያች መልስ ውስጥ አለ።

አምስት ሰዓት ገደማ ሲሆን አንድ ሌላ ነጋዴ መጣ። የጃኬቱ ኪስ በጥሬ ብር ተወጥሯል። በርበሬውን ዘገን አድርጎ አየ፣ አሸተተና በኪሎ 20 ብር ቀንሶ ጠራ። ገበሬው ቤቱ ሩቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ መንደሩ የሚሄድ መኪና አያገኝም። ሴትየዋን እያየ ‹‹ምን ላርግ እትዬ?›› አላቸው። እሳቸውም ‹‹ሂድ፣ ሽጥ፤ እኔስ ምን ልልህ እችላለሁ›› አሉት። ሸጠ።

እስቲ እናስላው። ሦስቱ ጆንያ 90 ኪሎ ቢመዝን ገበሬው በአንድ ጠዋት 1,800 ብር አጥቷል። በርበሬው አልተበላሸም፣ ገበያው አልወደቀም፣ ገዥም አልጠፋም። የጠፋው መስመር ነው። መስመሩ ሲጠፋ ዋጋ የመቁረጥ ሥልጣን ኪሱ ውስጥ ጥሬ ብር ወዳለው ሰው ዞረ። ይህ ኪሳራ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይጻፍም። በየከተማው በየገበያው ቀን የሚደርሰውን ቢደምሩት ግን አገር የሚያህል ገንዘብ ነው።

ስለ ብሮድባንድ ኢንቨስትመንት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚታየን በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ ላፕቶፕ የከፈተ ወጣት ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚታየኝ ያ ገበሬ ነው። ስልኩ ተራ ስልክ ነው፤ ኢንተርኔት ተጠቅሞም አያውቅ ይሆናል። ነገር ግን ገቢው የሚወሰነው ባንኩን ከዋናው መሥሪያ ቤት በሚያገናኘው ገመድ ነው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ወደ ዋናው የንግድ በር የሚወስድ ነበር። ኢንተርኔት ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ገባ። ያኔ በስልክ መስመር እየተንጫጫ የሚገናኘውን ሞደም የምታስታውሱ አትጠፉም። ባሕር በር ስለሌለን ዓለም አቀፉን የባሕር ሥር ኬብል የምናገኘው በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጂቡቲና በኬንያ በኩል ነው። ከድንበር ተነስቶ እስከ ወረዳ ከተማ ድረስ ያለው ረጅም መንገድ በፋይበርና በማማ የሚሸፈን ነው። ለአንድ ከተማ የሚደርሰው መስመር አንድ ብቻ ከሆነ አንድ የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር በአንድ አካፋ ከተማውን ከባንኩም፣ ከሆስፒታሉም፣ ከገበያውም ሊያላቅቀው ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ቶሎ የሚመለሰው ሌላ መንገድ ስላለ ነው።

የኢኮኖሚ ጥቅሙን በተመለከተ ብዙ የሚጠቀሰው የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጥናት ነው። በታዳጊ አገሮች የብሮድባንድ ተደራሽነት በ10 ፐርሰንቴጅ ነጥብ ሲጨምር የኢኮኖሚ ዕድገት በ1.38 ነጥብ ከፍ እንደሚል ይገልጻል። ኢኮኖሚስቶች በዚህ ቁጥር ላይ ይከራከራሉ፤ ሀብታም የሆነ አገር ነው ኢንተርኔት የሚያስገባው ወይስ ኢንተርኔት ያስገባ ነው ሀብታም የሚሆነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ የተሻለ መልስ የሰጡት ዮናስ ዮርት እና ዮናስ ፖልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። የባሕር ኬብሎች አፍሪካ ሲደርሱ ፈጣኑ ኢንተርኔት ቀድሞ የደረሰባቸውን አካባቢዎች ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጽረው፣ በ12 የአፍሪካ አገሮች መረጃ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ በደረሰበት አካባቢ ሥራ ያለው ሰው ቁጥር መጨመሩን አሳይተዋል። የተጠቀመው ዲግሪ ያለው ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱ ዝቅ ያለውም ጭምር እንጂ። ካጠኗቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በእኛ አገር ያዩት የአምራች ድርጅቶች ምርታማነት ከፍ ማለቱን ነው።

ምንም አልተሠራም ማለቴ አይደለም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ ሲቀንስ የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙዩኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ወሰደ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ብቸኛ ሆኖ የቆየው ገበያ ተወዳዳሪ አገኘ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቴሌብር ሲጀመር፣ ገንዘብ ማለት በስልክ የሚላክ ነገር መሆኑን እናቶቻችን ሳይቀሩ ለመዱት። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ሰው ጥሬ ብር መያዝ እንዲተው ካስለመድነው በኋላ መስመሩ ሲጠፋ የት ይድረስ? ቀድሞ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቀረው ወሬ ነበር፤ ዛሬ የሚቀረው ምሳ ነው።

የቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪያችንም የተቀረጸው በዚሁ ችግር ነው። ራይድን የመሰሉ የአገር ልጆች የሠሯቸው አገልግሎቶች መተግበሪያ እያላቸው በአጭር ቁጥር የስልክ ጥሪም የሚቀበሉት ያለምክንያት አይደለም። ባንኮቻችን በኮከብ ተጀምረው በመሰላል ምልክት የሚያልቁ ቁጥሮችን ያስለመዱን ኢንተርኔት የሌለው ደንበኛ እንዳይቀር ነው። ይህ ብልኀት ነው፤ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በአጭር ቁጥር ሶፍትዌር ኤክስፖርት አይደረግም። ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ልጅ ማታ ቀጠሮው ላይ ካልተገኘ ደንበኛው ‹‹ሲስተም የለም›› የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሌላ አገር ያለ ሌላ ልጅ ይቀጥራል። አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን እናሠልጥን የሚለው ዕቅድ ጥሩ ነው። የሠለጠነው ልጅ በሚኖርበት ከተማ የማይቆራረጥ መስመር ካላገኘ ግን ሰርተፍኬቱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ቦሌ ኤርፖርት ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ራሴን እታዘባለሁ። መስመሩ ሁልጊዜ በራሱ አይጠፋም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ትግራይ በጦርነቱ ዘመን ለሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተቆርጣ ኖራለች፤ እዚያ የታጣው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የፀጥታው ጥያቄ ከባድ መሆኑን እረዳለሁ። ነገር ግን ፋይበር በቢሊዮን ብር ዘርግቶ በአንድ ትዕዛዝ መዝጋት፣ አስፋልት ሠርቶ መሐሉ ላይ ቦይ እንደመቆፈር ነው። ባለሀብት የሚያሰላው የመስመሩን ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ነገም መኖሩን ጭምር ነው።

‹‹ውኃና መብራት ሳይዳረስ ኢንተርኔት ምን ያደርጋል?›› የሚሉ አሉ። ጥያቄያቸውን አልንቅም። በ1990ዎቹ ማብቂያ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለውን ፕላዝማ ያየ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል፤ ሲመለስ መምህሯ በስክሪን ውስጥ ወደ ሌላ ምዕራፍ አልፋለች፤ ተማሪውን አትጠብቅም። ከዚያ የምማረው ግን ቴክኖሎጂ ቅንጦት መሆኑን አይደለም። ዕቃውን ከመስቀል በፊት የሚያኖረውን ማሰናዳት እንደሚገባ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ተራ ነገር ነው። መንገድ ሲሠራ የፋይበር ቱቦው አብሮ ይቀበር፤ አንዱ የሠራውን ሌላው እየቆፈረ አይበጥስ። ለእያንዳንዱ ከተማ በሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ሁለተኛ መስመር ይኑረው። ተፎካካሪ ድርጅቶች ማማ ይጋሩ፤ ማማውም መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ ይኑረው። ዋጋውም በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የብሮድባንድ ኮሚሽን ባስቀመጠው ልክ፣ መነሻ ጥቅሉ ከአማካይ ወርኃዊ ገቢ 2 በመቶ እንዳይበልጥ ይሁን። ከሁሉም በላይ ደግሞ በየከተማው መስመር ስንት ሰዓት እንደጠፋ በየወሩ ለሕዝብ ይነገር። ‹‹ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ዘረጋን›› የሚለውን ሰምተናል፤ ‹‹ይህን ያህል ሰዓት ሳይቋረጥ ሠራ›› የሚለውን ደግሞ እንስማ። ያልተቆጠረ ነገር አይስተካከልም።

የልቅሶ ቤቱን ገንዘብ ከአንድ ዘመዴ ተበድሬ ሰጠሁ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስመለስ በዚያው ባንክ በር አለፍኩ። ጥበቃው ከሩቅ አይቶኝ ‹‹መጥቷል፣ ግባ!›› አለኝ ደስ ብሎት። ሴትየዋ አሁንም እዚያው ነበሩ፤ ስልካቸውን ወደ እኔ ዘርግተው አሳዩኝ። ጠዋት ደጋግመው የሞከሩት ክፍያ አሁን ይሠራ ነበር። የሚከፍሉት ሰው ግን በርበሬውን ሸጦ ወደ ማረቆ ከሄደ ቆይቷል።