ተጨማሪ መረጃ፦ ፈውስና መርዝ በአንድ ቅጠል

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ፣ የዲጂታሊስ ቅጠል ሰውነቱ ላበጠ ሕሙም ፈውስ እንደሚሆን፣ መጠኑ ባለፈ ጊዜ ግን ለሞት እንደሚያበቃ በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጧል። ከዚሁ ዕፅ ወገን የሚገኘው ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት በሚፈውሰውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፣ ደግሞም ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው እንኳ ግማሹ ከሰውነት እስኪወገድ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ነርስ መድኃኒቱን ለአዋቂ ሕሙም ከመስጠቱ አስቀድሞ ማዳመጫውን በልቡ ጫፍ ላይ አኑሮ ምቱን አንድ ደቂቃ ሙሉ ሊቈጥር፣ ከ60 በታች ሆኖ ቢያገኘውም መድኃኒቱን አቆይቶ ለሐኪሙ ሊያስታውቅ ይገባዋል። የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽና ነገር ሁሉ ቢጫ መስሎ መታየት የመመረዝ ምልክቶች ናቸው፤ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ማነሱም አደጋውን ያብሰዋል። ይህች የአንድ ደቂቃ ቈጠራ ለነርስ የተሰጠች የነፍስ አደራ ናት።